የለበስኩት ጭነት አይደለም

ኮልፌ ውስጥ ዕቃ መሸጥ ቀላል ነው። ከባዱ ዕቃን ከቤት ማስወጣት፣ ወደ ቤትም ማስገባት ነው።

ፈትያ ይህን የተማረችው ከፍራሿ ነው። ከአጠና ተራ ጀርባ ወዳለችው የኪራይ ቤቷ የገባች ዕለት፣ ፍራሿን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ባልዲዋን በክንዷ አንጠልጥላ በሩ ላይ ስትደርስ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ግድግዳ ተደግፈው ጥርሳቸውን እየፋቁ ያዩዋት ነበር። አንዳቸውም ጣታቸውን አላነሱም። ፍራሹ መሬት እንደነካ ግን አለቃቸው ቀዳማዊ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ መጣና የማውረጃ ጠየቃት።

«ያወረድኩት እኔ!» አለችው።

«አንቺማ አውርደሻል። እኛ ደግሞ አይተናል» አላት፣ ምንም ሳይስቅ። «ማየትም ሥራ ነው፣ እህቴ። ቢወድቅብሽ ማን ሊያነሳው ነበር?»

ከፈለች። ደክሟት ነበር፤ ለሰፈሩም እንግዳ ነበረች፤ እንግዳ ደግሞ አይከራከርም። ያቺ ዝምታ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅራ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥን ለመግዛት ባሰበች ቁጥር የቀዳማዊ መፋቂያ ፊቷ ላይ ይደቀንና ልብሷን እዚያው ማዳበሪያ ውስጥ ትተወዋለች። በመጨረሻም ማለች፤ በራሷ እጅ ለተሸከመችው ዕቃ ለሰው እጅ ላትከፍል፣ ወላሂ ላትከፍል።

ዛሬ ከቤቷ የሚወጣው ዕቃ እንኳን ለአራት ጎረምሳ ለአንድ ድመትም የሚከብድ አልነበረም። አንዲት ያገለገለች፣ ተንቀሳቃሽ የድምፅ ማጉያ ናት። ከተማሪ ቦርሳ ብዙም አትበልጥም፤ በትከሻ የምትነገትበት ማንገቻ አላት፤ ከጎኗ በገመድ የተያያዘ ማይክ ይንጠለጠልባታል፤ ቻርጅ ከተደረገች ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ትውላለች። በኮልፌ አፍ የሚጮህ ሳጥን ሁሉ ሞንታርቦ ነው፤ ይህቺም ትንሽ ስለሆነች «ሚኒ ሞንታርቦ» ተብላለች። ፈትያ አስፋልት ዳር ሰልባጅ ዘርግታ «የልጅ! የአዋቂ! የሞላለትም ይልበስ፣ ያልሞላለትም ይልበስ!» እያለች የኖረችው በእሷ ነው። የገዛ ጉሮሮዋ ከሞንታርቦዋ በፊት ነው ያረጀው።

አሁን ግን የአስፋልት ዳሩ ንግድ አብቅቷል። ደንብ አስከባሪዎች አንድ ቀን ሰልባጁን፣ ሌላ ቀን ሸራውን እየወሰዱ አስፋልቱን ለአስፋልትነቱ መልሰውታል። ፈትያም ሱቅ አገኘች። የሐጂ ሽኩር ግቢ በር ላይ ያለች፣ ሰው ሲገባባት ልብስ የሚወጣባት ጠባብ ሱቅ። ሐጂ ቅድመ ክፍያውን ተቀብለው የቀረውን ግን «ዛሬ ከአስር ሶላት አዛን በፊት» አሏት። «ካልሆነ ቁልፉን ለባለሞባይል ጥገናው እሰጣለሁ። እሱ እንደ አንቺ አይለማመጥም፤ ይዞ ነው የመጣው።»

የቀረው የሞንታርቦዋ ዋጋ ነበር። ሱቅ ያለው ሰው ደግሞ መጮህ አያስፈልገውም፤ ገዢው ራሱ ይገባል። ይህ የፈትያ እምነት ነው፤ ትክክል መሆኑ ገና አልተረጋገጠም።

ፎቶዋን ስልኳ ላይ ለቀቀች። ሰው ሁሉ «ላስት ፕራይስ?» ብሎ ጠየቃት። ዋጋ ስትነግረው «ላስት ላስቱ?» ይላል። የላስት ላስቱን ስትነግረው ይጠፋል። ከዚያ ሁሉ ጠያቂ መካከል በእግሩ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ላስት ፕራይስ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው።

አቶ ወልደሰንበት ይባላሉ። ከቀራንዮ ነው የመጡት፤ ኮት ለብሰው፣ ዣንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው። ሥራቸው የእድር ለፋፊነት ነው። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ተነስተው ለሰፈሩ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ዘመናቸውን ሁሉ በጥሩምባ ሠርተዋል።

«ጥሩምባ ግን ጥርስ ይፈልጋል፣ ልጄ» አሏት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የሰጠቻቸውን ውኃ እየጠጡ። «የፊቶቹ ከሄዱ በኋላ የምነፋው ሁሉ ፉጨት ሆነ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ሞተው ብነፋ፣ የሰፈር ውሻ ሁሉ የተጠራ መስሎት ግቢዬ ገባ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ‘አቶ ወልደሰንበት፣ ያገለገለች ማጉያ ይፈልጉ’ አለኝ።»

«ይቺ ትሆንዎታለች፣ አባባ። ይናገሩባት።»

«ምን ልበል?»

«አንድ፣ ሁለት ይበሉ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሞክረው።»

«አንድ ሁለት የዘፋኝ ነው» አሉ፣ ቅር ብሏቸው። «በሬ በእርሻ ነው የሚፈተነው። እሷም በሥራዋ ትፈተን።»

ፈትያ ሞንታርቦዋን ደጃፉ ላይ፣ አፏን ወደ መንገዱ አዙራ አስቀመጠችላቸው። አቶ ወልደሰንበት ማይኩን ጨብጠው ተነሱ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተከበራችሁ የእድራችን አባላት!»

የግንቡ ርግቦች ተነሱ። ሽማግሌው ግን እዚያው ላይ ቆሙ። ቀጥሎ ስም ይመጣል። የማንን ስም? በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ማለት ሟርት ነው፤ በጎረቤትም በጠላትም አይደረግም። ስም የሌለው መርዶ ደግሞ መርዶ አይደለም። ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡና ማንንም የማያስቀይም ሰው አገኙ።

«ነባር አባላችን አቶ ወልደሰንበት ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ፣ ነገ በስድስት ሰዓት ለቀብር እንድትወጡ! ያልወጣ ይቀጣል!»

«አባባ! ምን ነካዎት?» ፈትያ ዘልላ ማጥፊያዋን ተጫነች። ግን ሰፈሩ ሰምቷል። የቆርቆሮ በር ተንኳኳ፣ ሌላው ተከተለ። ሰፈሩ ውስጥ ወልደሰንበት የሚባል ሰው ስለመኖሩ ማንም እርግጠኛ አልነበረም፤ መቀጣት መኖሩ ግን ተሰምቷል። ወንዱ ጃኬቱን እየደረበ፣ ሴቷ ነጠላዋን እየዘቀዘቀች ወጡ። አንዱ «ኢና ሊላሂ» ይላል፤ ሌላዋ ደረቷን ትመታለች። ከሁሉም ፊት እትዬ የሺእመቤት ነበሩ፤ የፈትያ የጓሮ ጎረቤት፣ በጸሎት ቤታቸው ዘማሪ፣ በለቅሶም በደስታም ድምፃቸው የሚቀድም።

«ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ደጉ ሰው!» አሉና ፈትያ ትከሻ ላይ ወደቁ። ከዚያ ዝቅ ብለው፦ «የማን ናቸው ግን፣ ፈትዬ?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ» አሉ አቶ ወልደሰንበት፣ ኮፍያቸውን አውልቀው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማጉያ እየሞከርኩ ነው።»

እትዬ የሺእመቤት ቀና ብለው ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። «ሽሮዬን እሳት ላይ ጥጄ እኮ ነው የመጣሁት!» ከዚያ እምነታቸው ትዝ አላቸው። «ጌታን ተቀብለዋል?»

«ገና አልሞትኩም።»

«እንግዲያው ጊዜ አለዎት» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ሽሮው ይረር። የተሰበሰበውም ሰው ሞት ካልተገኘ ሌላ ነገር ይገኝ ይሆናል ብሎ አልተበተነም።

ተገኘም። ቀዳማዊ ከጓደኛው ከያደሳ ጋር ከጥግ ብቅ አለ። ቀዳማዊ ቀጭን ነው፤ መነጋገር የእሱ ድርሻ ነው። ያደሳ ሰፊ ነው፤ መቆም የእሱ ድርሻ ነው። ሁለቱም ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሐዘን ፊት ነው የመጡት። ሰው ከሞተ ድንኳን ይወርዳል፣ አግዳሚ ይወርዳል። ደግነቱ ለለቅሶ ዕቃ አያስከፍሉም፤ በዚህ ይታማሉ ብሎ የሚያስብ የለም።

«ነፍስ ይማር። ድንኳኑ የት ነው?» አለ ቀዳማዊ።

«የሞተ የለም» አለችው ፈትያ። ሞንታርቦዋን ካርቶኗ ውስጥ እየመለሰች ነበር።

ቀዳማዊ ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ሐዘኑ ከፊቱ ላይ እንደ ዝናብ ውኃ ደረቀ። «ይቺ ካርቶንስ ወዴት ናት?»

«ተሸጣለች። አባባን እስከ ታክሲ ልሸኛቸው ነው።»

«እሺ። የመጫኛ ይከፈላል።»

«እኔው ነኝ የምይዛት!»

«ያዣት። እኛ አትያዣት አላልንም። ከቤት የወጣ ዕቃ ግን ጭነት ነው።»

«ቦርሳዬስ?»

«ቦርሳ ቦርሳ ነው።»

«ድንች የያዘ ፌስታልስ?»

«ፌስታል የግል ነው፤ እሱ ላይ ጨክነን አናውቅም።»

«ይቺ ከድንች አትከብድም!»

«ካርቶን ውስጥ ናት። ካርቶን ውስጥ የገባ ነገር ክብደቱ አይታይም።»

ፈትያ ሞንታርቦዋን አወጣችና ባዶውን ካርቶን በእግሯ ገፋችለት። «አሁንስ?»

ቀዳማዊ አሰበ። እንዲህ ያለ ተከራካሪ አጋጥሞት አያውቅም። «ተሸጣለች አላልሽም? የተሸጠ ነገር ንብረት ነው። ንብረት ወደ መኪና ሲሄድ ጭነት ነው።»

«ታክሲ እኮ ነው!»

«ታክሲ መኪና አይደለም?»

«ይህ የት ነው የተጻፈው?»

«ያልተጻፈ ደንብ ነው የሚጠነክረው። የተጻፈውንማ ማንም ይቀደዋል።»

ይህ ልጅ ሕግ ቢማር ኖሮ እንኳን ሰፈር አገር ያስገብር ነበር፣ ብላ አሰበች ፈትያ። ያደሳ በዚህ መሐል መጥቶ ወደ አስፋልቱ በሚያወጣው መተላለፊያ ላይ ቆመ። መተላለፊያው አለቀ።

አቶ ወልደሰንበት ደረት ኪሳቸውን ዳሰሱ። «ልጄ፣ እኔ ልክፈልላቸውና እንሂድ። ጠብ አልወድም።»

«እርስዎ ከከፈሉ አልሸጥልዎትም።»

አፏ ከተናገረ በኋላ ነው ጆሮዋ የሰማው። ሌላ ገዢ የላትም። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤ ባለሞባይል ጥገናው ይሄኔ ሐጂ ሽኩር ደጃፍ ላይ ይሆናል። ሽማግሌው እንደ ማኩረፍ አሉና ዣንጥላቸውን አነሱ። «ታዲያ ልሂዳ» አሉ። «የሌላ ሰፈር ጠብ ገዝቼ ልግባ?»

«ይረጋጉ፣ አባባ» አለ ቀዳማዊ። የሰዉን ፊት አይቶ ነበር፤ የለቅሶ ሰው ሆዱ የባባ ነው፣ ወደ ፈትያ ማዘንበል ጀምሯል። ስለዚህ ድምፁን አለስልሶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተናገረ። «እኛ አረመኔ አይደለንም። ዕቃዋ ለእድር አይደለች? የለቅሶ ዕቃ ናት። ለለቅሶ አናስከፍልም። ፈቲ፣ አንድ ቃል ‘የለቅሶ ናት፣ ተዉኝ’ በይና እለፊ።»

«ተባረክ!» አሉ አቶ ወልደሰንበት። «እውነትም የለቅሶ ናት!»

«በይ እንጂ፣ ፈትዬ» አሉ እትዬ የሺእመቤት። «በነጻ ካሉሽ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ያቺን አንድ ቃል ጠበቀ። ቀላል ናት፤ ምላስ ላይ አትከብድም። ፈትያ ግን ምላሷ ላይ ያገኘችው የፍራሹን ቀን ዝምታ ነው። ዛሬ ከማሩኝ፣ አለች በልቧ፣ ነገ ለሱቁ መደርደሪያም የምለምነው ምሕረት ነው። የሚምር ሰው ማሰር የሚችል ሰው ነው።

«አልልም» አለች። «ለለቅሶም ትሁን ለሠርግ፣ ከትከሻዬ እስክትወርድ ድረስ የእኔ ናት። በነጻ አልፈልግም። በራሴ ነው የምፈልገው።»

ይህን ብላ ጎንበስ አለችና ሞንታርቦዋን አነሳች። ማንገቻዋን በራሷ አሳልፋ፣ ከሂጃቧ በላይ፣ በደረቷ አገድማ ጠበቅ አደረገችው። ሳጥኗ ወገቧ ላይ ተቀመጠች። አውራ ጣቷም ማብሪያዋን ፈልጋ አገኘች። ማይኩን ለሽማግሌው አቀበለቻቸው። «ይያዙልኝ፣ አባባ። ገመዱ እንዳይጎተት።»

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ቀዳማዊ።

«ለብሼ ልወጣ ነው። የለበስኩት ጭነት አይደለም። ነው ካልከኝ ና፣ ከላዬ ላይ አውርደው።»

ቀዳማዊ እጁን አንስቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ቀረ። ሙሉ ሰፈር ፊት ባለ ሂጃብ ሴት ደረት ላይ ያለ ማንገቻ የሚነካ ወንድ በኮልፌ አልተወለደም፤ ቢወለድም አያድግም። ያደሳ ይህን ከአለቃው ቀድሞ ስለገባው ወደ ጎን አለ። መተላለፊያው ተመልሶ መጣ።

ፈትያ ወጣች። አቶ ወልደሰንበት በማይኩ ገመድ እንደታሰረ ጠቦት አብረው ወጡ። ሰዉም ተከተለ። ነጠላው እንደተዘቀዘቀ ነው፣ ፊቱም የለቅሶውን ግማሽ እንደያዘ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ያየ ሰው ኮፍያውን አወለቀ። ሟቹ ከፊት ከፊት በዣንጥላቸው እየተመረኮዙ የራሳቸውን ቀብር ይመሩ ነበር።

ቀዳማዊ ይህ ነገር እንዲህ እንደማያልቅ ስለተሰማው ሮጥ ብሎ ደረሰባቸውና ወደ ፈትያ ጆሮ ተጠጋ። የእሱ ሥራ ሁልጊዜም በጆሮ ነው የሚያልቀው። አቶ ወልደሰንበት ደግሞ ያደጉበት ሥርዓት አላቸው፤ በእድር ስብሰባ ሰው ሊናገር አፉን ከከፈተ ማይክ ይያዝለታል። ያዙለት።

«ፈቲ፣ አታዋርጂኝ» አለ ቀዳማዊ በሹክሹክታ።

«ፈቲ፣ አታዋርጂኝ» አለች ሞንታርቦዋ፣ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ።

የታክሲ ወረፋ ላይ የነበረው ሰው ዞረ። ቀዳማዊ አላስተዋለም፤ በንዴት ላይ ያለ ሰው የገዛ ድምፁን ከውጭ ሲሰማ የሌላ ይመስለዋል። «ግማሹን ክፈይ በቃ። ባንሸከምም አይተናል። ሁሉም ለማየት ይከፍላል፣ አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው?»

«ሁሉም ለማየት ይከፍላል፣ አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው?» አለች ሞንታርቦዋ።

«ሲኒማ ነው እንዴ?» አለ አንድ ሰው ከወረፋው። ሳቁ ከታክሲ ተራው ተነስቶ ጫማ ጠጋኙ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ወደ ብረት በያጆቹ ተላለፈ። «እኔም አየኋት! የእኔን የት ነው የምቀበለው?» አለ ሌላው። አንዲት ቲማቲም ሻጭ ግን አልሳቀችም። ከጀሪካኗ ላይ ተነስታ «የእኔንም ሳጥን ባለፈው አይተሃል!» አለችው። «መልስልኝ!»

«ቀዳማዊ፣ ዝቅ አድርገህ ተናገር!» አለ ያደሳ፣ አለቃውን ሊያድን። አቶ ወልደሰንበት ለእሱም ያዙለት። ያም በሞንታርቦዋ ወጣ።

አቶ ወልደሰንበት እዚያው ቆም ብለው በአድናቆት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ስለ ሳቁ አልነበረም። «ሹክሹክታ ታጎላለች!» አሏት ፈትያን። «ልጄ፣ ይቺስ ትሠራለች። ጥርስ ለሌለው ሰው የተሠራች ናት።» ከውስጥ ኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለውን አውጥተው እጇ ላይ አኖሩላት። ላስት ፕራይስ ሳይሉ።

የቀራንዮ ታክሲ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ቀዳማዊ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ሞንታርቦዋ አሁን ከእሷ ትከሻ ወደ ሽማግሌው መተላለፍ አለባት። በቀዳማዊ ደንብ ያቺ ቅጽበት መጫን ናት። ፈትያ ማንገቻዋን በራሷ አሳልፋ አወጣችና፣ ለአባት ጋቢ እንደሚደረብ ቀስ ብላ ለአቶ ወልደሰንበት ደረበችላቸው፤ ኮታቸው ላይ አስተካከለችላቸው። ይህን ስትሠራ ዓይኗን ከቀዳማዊ ላይ አላነሳችም።

ቀዳማዊ አፉን ከፈተ። አቶ ወልደሰንበት ማይኩን በትሕትና አቀረቡለት። ወረፋውም ቲማቲም ሻጯም ጆሯቸውን አቆሙ።

ቀዳማዊ አፉን ዘጋ።

«አባት፣ የዕቃ ይከፍላሉ?» አለ የታክሲው ረዳት፣ ከእንቅልፉ የነቃ ይመስል።

«ልብሴ ነው» አሉ አቶ ወልደሰንበትና ገብተው ተቀመጡ።

ታክሲው ሄደ። ተከታዩም ሰው ነጠላውን እያቃና ተበተነ። እትዬ የሺእመቤት «ሽሮዬ!» ብለው ሮጡ። ፈትያ ብሩን መሐረቡ ውስጥ እንዳለ ይዛ፣ ባዶ ትከሻዋን እያሻሸች ወደ ሐጂ ሽኩር ግቢ ታጠፈች። ቀዳማዊ ከኋላዋ መጣ። ብቻውን ነበር። መፋቂያውን እንኳ የሆነ ቦታ ጥሎታል።

«ደስ አለሽ?» አላት።

«ገና ነኝ። ቁልፉን ስቀበል ነው ደስ የሚለኝ።»

«እኛስ ምን እንብላ? አንቺ ሱቅ አለሽ።»

ቆም ብላ አየችው። ጥያቄው የምር ጥያቄ ነበር፤ ሳቅ አልነበረበትም። «ከምትሸከሙት ብሉ» አለችው። «ከምታዩት አትብሉ።»

«ነገ የሱቁ መደርደሪያ ይመጣል አይደል? ብረት ነው። እሱንም ትለብሺዋለሽ?»

«እሱማ ከባድ ነው። እጠራሃለሁ። ዋጋህን ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ትነግረኛለህ፣ ከተስማማን ተሸክመህ ታስገባለህ፣ እከፍልሃለሁ። ያደሳንም ይዘህ ና።»

ቀዳማዊ ግራ ገባው። ተጠርቶ ሄዶ አያውቅም። «ካልተስማማንስ?»

«እሸከመዋለሁ።»

«ብቻሽን? ብረቱን?»

«በቀን አንድ ብሎን እየፈታሁም ቢሆን» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ባለሞባይል ጥገናው ሐጂ ሽኩር ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ አዛን ገና አላለም።